የድሮ ስፖርት መኪና የዳሽቦርድ መብራት ስለ መቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ የምትቆም እ.ኤ.አ. የ1991 ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፤ ዳሽቦርዷን ከፍቼ መብራቷን ከቀየርኩ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ማታ ዳሽቦርዱ ድርግም ብሎ ጠፋ። አምፑሎቹ ሁሉ በአንዴ ተቃጠሉ ማለት ነው?

አይመስለኝም። አምፑሎች የሚሄዱት ተራ በተራ ነው። ዛሬ የነዳጁ ጌጅ ይደበዝዛል፣ ከወራት በኋላ የፍጥነቱ አንድ ጎን ይጨልማል። ሁሉም በአንድ ምሽት ከጠፉ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ውረዱና የኋላ መብራታችሁን እዩ። በብዙ የጃፓን መኪኖች የዳሽቦርዱና የኋላው መብራት የሚጋሩት አንድ ፊውዝ ነው። ቶዮታ ላይ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን «ቴይል» ይለዋል። ኋላችሁ ጨልሞ ማታ የሰንዳፋን መንገድ ብትይዙ ከጀርባ የሚመጣው ገልባጭ አያያችሁም። ስለዚህ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ፊውዙ ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ተኩት። በሽቦ ጠምዝዞ ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሾርት አለ። ያኔ በኋላ የተገጠመ ቴፕ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ቴፕ ሲቀየር የመብራቷ ቀጭን ሽቦ ሳትሸፈን ትቀርና ብረት ትነካለች። ናስትሮ እንኳ ያልዞረባት ብዙ አይቻለሁ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ደግሞ የብርሃን መቀነሻዋን፣ ዲመሩን፣ ጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ጊዜ ያህል አዟዙሯት። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ስትቀመጥ ውስጧ አቧራና ዝገት ይይዛል። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። አንዳንዴም ሕፃን ልጅ ነክቷት እስከ መጨረሻው ዝቅ ብላ ትገኛለች።

የትኛውን አምፑል ነው የምገዛው?

የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ደርሳችሁ «የሴሊካ ዳሽቦርድ አምፑል» ብትሉ ሻጩ የመሰለውን ነው የሚሰጣችሁ። በእጃችሁ ያለውን ብታሳዩት ግን ወዲያው ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከለገጣፎ መርካቶ ሁለቴ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የተሠሩ የጃፓን መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። ጌጁን፣ ማለትም ከመሪው ፊት ለፊት መለኪያዎቹ ያሉበትን ክፍል፣ የሚያበሩት ተለቅ ያሉት ቲ10 ይባላሉ። ለማስጠንቀቂያ ምልክቶችና ለትናንሽ ቁልፎች የሚገቡት ቲ5 ወይም ከዚያ የቀጠኑ ናቸው። ቁጥሩ የመስታወቱን ውፍረት በሚሊሜትር በግምት ይናገራል። ሁለቱም ከታች የብረት ቆብ የላቸውም። መስታወቱ ራሱ ጠፍጠፍ ብሎ መያዣው ውስጥ ይሰካል።

ዋቱን ግን አደራ። ቲ10 ባለ 5 ዋት አለ፣ ባለ 3.4 ዋትም አለ፣ ቅርጻቸው አንድ ነው። ባለ 5 ዋቱ ለፓርኪንግና ለታርጋ መብራት የሚገባው ነው። ባለ 3.4 የነበረበት ጌጅ ውስጥ ስታስገቡት መጀመሪያ «እንዴት ደመቀ!» ያሰኛል። ከወራት በኋላ ግን ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ይጠቁራል፣ ይጣመማል። የዚህ ዘመን ጌጅ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶታል። ያለችንን ጠብቀን መያዝ ነው ያለብን። ስለዚህ የድሮው አምፑል ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፣ ከእሱ አትለፉ።

ራሴ ልቀይረው እችላለሁ ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አንድ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ጨርቅ፣ ስልክና ትዕግሥት ነው። ጋራዥ ቢሄድም መጥፎ አይደለም። ግን የድሮ ፕላስቲክ የሚፈልገው እርጋታ ነው፣ ወረፋ የበዛበት መካኒክ ደግሞ ያ እርጋታ የለውም። አንድ ጊዜ ለሌላ ሥራ ያስገባኋት መኪናዬ የጌጁ ክፈፍ ጥርሱ ተሰብሮ ተመልሳልኛለች። እስካሁን ጎርበጥ ባለ መንገድ ላይ ትንቋቋለች።

ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። መሪው ላይ ኤርባግ ካለ ከፈታችሁ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ቶዮታ በመመሪያው የሚያዘው ይህን ነው፤ ኤርባጉ ባትሪው ከተፈታ በኋላም ለአጭር ጊዜ ኮረንት ይዞ ይቆያልና። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው። አትንኩት፣ በቴስተርም አትፈትሹት። ቴፓችሁ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ኮዱን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰፈር ጠዋት ይበርዳል። ሱሉልታማ አይነገርም። ሠላሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ በብርድ ሲነካ ቀጭ ይላል። መኪናዋን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ውስጥ አቁሟት፣ መስኮቱን ዝጉ። ከቀትር በኋላ ውስጧ ሞቅ ሲል ፕላስቲኩ ይለዝባል። ያኔ ጀምሩ።

ጌጁን ሳልሰብር እንዴት ነው የማወጣው?

መሪው ዝቅ የሚል ከሆነ እስከ መጨረሻው አውርዱት፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣሉበት። የጌጁን ክፈፍ የያዙት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ከንፈር ሥር ተደብቀው ወደ ታች ነው የሚያዩት። አንገታችሁን አጎንብሳችሁ በስልክ መብራት ፈልጓቸው። ብሎኖቹ ወጥተው ክፈፉ እምቢ ካለ አትታገሉት። ያላያችሁት ብሎን አለ ወይም አንዱ ጥርስ አልለቀቀም። ክፈፉ ላይ ቁልፎች ካሉ ከጀርባ ሶኬታቸው ይነቀላል። ቀጥሎ ጌጁ ራሱ በሦስት ወይም በአራት ብሎን ታስሮ ታገኙታላችሁ።

ጌጁን ትንሽ ወደ ራሳችሁ ሳቡና እጃችሁን ከጀርባው አስገቡ። ሶኬቶቹን ምላሳቸውን ተጭናችሁ ልቀቁ። ሽቦ ይዞ መጎተት የለም። ፍጥነት መለኪያው በኬብል የሚሠራ ከሆነ እሱም ከጀርባ ይለቀቃል። ሳይለቀቅ ጌጁን መንጨቅ ኬብሉን ይጎዳል። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ እየሣላችሁ እዚያው ላይ አስቀምጡት፤ ረጅም ብሎን የአጭሩ ቦታ ሲገባ የሚበሳው ነገር አለ።

ከጀርባ ስታገላብጡት አምፑል የያዙ ክብ ፕላስቲኮች ታያላችሁ። ሩብ ዙር ወደ ግራ ስታዞሯቸው ይወጣሉ። የእኔን የመጀመሪያዋን ሳወጣ መስታወቷ ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቁሮ ነበር። አናቷ ላይ ያለችው አረንጓዴ የጎማ ቆብ ጣቴ ሲነካት እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባብራ መዳፌ ላይ ቀረች። እንዲህ ያለ ቆብ ካለ ፍርፋሪው ጌጁ ውስጥ እንዳይወድቅ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። የጌጁን መርፌዎች ደግሞ በምንም ምክንያት አትንቀሉ። ቦታቸውን ከሳቱ ጌጁ የሚነግራችሁ ውሸት ነው።

የተቃጠለው አንድ ነው። ሁሉንም ልቀይር?

የጌጅ ማብሪያዎቹን ሁሉንም ቀይሩ። እኩል ዕድሜ አላቸው፣ የቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። አዲስ ከአሮጌ ጋር ሲሆን ደግሞ ብርሃኑ አንዱ ጋ ነጭ፣ ሌላው ጋ ቡናማ ይሆናል። የማስጠንቀቂያዎቹን ግን የሚሠሩ ከሆኑ ተዉአቸው። እነሱ ብዙውን ጊዜ ጠፍተው የሚኖሩ ስለሆኑ ቶሎ አያልቁም።

ኤልኢዲ ላድርግ ወይስ እንደ ድሮው?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው። የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ለጌጅ ማብሪያ ከፈለጋችሁ ኤልኢዲ አድርጉ። ለማስጠንቀቂያ ምልክቶች ግን የድሮውን ባለ ክር አምፑል አትልቀቁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ባትሪውን ስለሚሞላው ዲናሞና ስለ ፍሬቻ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የኤልኢዲ ጥቅሙ እውነት ነው። አይሞቅም፣ ትንሽ ኮረንት ይበላል፣ ጥሩው ዓይነት ለዓመታት ይቆያል። ችግሩ አበራሩ ላይ ነው። ባለ ክር አምፑል በሁሉም አቅጣጫ ያበራል፣ የጌጁ ቤትም የተሠራው ያን ብርሃን ከነጭ ግድግዳው አንጥሮ እንዲያሰራጭ ነው። ኤልኢዲ አናቱ ላይ ብቻ የሚያበራ ከሆነ አንዱ ቦታ ቦግ ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በጎኑም ዙሪያውን የሚያበራውን ምረጡ። ርዝመቱንም ለኩ፤ ከድሮው ከረዘመ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይነካል።

ሌላው ጥራት ነው። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ አይደለም፣ ወደ 14 ይጠጋል። ርካሹ ኤልኢዲ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ይሞታል። ጌጁን በየሦስት ወሩ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የለም።

ኤልኢዲ አስገባሁ፣ አልበራም። ተበላሽቶ ነው?

ገልብጣችሁ ሰኩት። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል፣ የድሮው አምፑል አይለይም። ጌጁን ከማሰራችሁ በፊት ሶኬቶቹን ሰክታችሁ፣ ባትሪውን መልሳችሁ መብራቱን ሞክሩ። ያልበሩትን አዙሩ። ሁሉም ሲበሩ ብቻ ብሎን ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁልፉን አትክፈቱ፣ የፓርኪንግ መብራቱን ማብራት ይበቃል።

ሰማያዊ ወይም ቀይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ?

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ እዩ። ከአምፑሉ ቆብ ከሆነ ቆቡን አውጥታችሁ የምትፈልጉትን ቀለም ማስገባት ትችላላችሁ። ከጌጁ ፊት ጀርባ ከተቀባው ቀለም ከሆነ ግን ያ ቀለም የራሱን ብርሃን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አረንጓዴ ጀርባ ላይ ቀይ ኤልኢዲ ብታደርጉ የምታገኙት ጨለማ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ወይም ሞቅ ያለ ነጭ ያዋጣል።

ሰማያዊን እኔ አልመክርም። ማታ ዐይን ያደክማል፣ ከጌጁ ቀና ስትሉ መንገዱ ላይ ያለውን ለማየት ዐይናችሁ ጊዜ ይወስድበታል። እኛ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ነን። የመንገድ መብራቱ ካለቀ በኋላ ነጭ ነጠላ ያደረገ እግረኛ እንኳ በጭንቅ ነው የሚታየው። አህያም አለ፣ ጋሪም አለ። ዳሽቦርዱ የሚነበብ ይሁን እንጂ የሚያበራ አይሁን።

የማሞቂያና የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ አይበራም። እሱስ እንዴት ይከፈታል?

እሱ ከጌጁ ይልቅ ያስቸግራል። አምፑሎቹ ትናንሽ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከፕላስቲክ መያዣቸው ጋር አብረው የሚሸጡ ናቸው። በአንዳንድ መኪኖች ማዞሪያዎቹን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ የፊቱ ሽፋን ይወጣል፣ አምፑሏን ከፊት በቀጭን የጎማ ቱቦ ይዛችሁ ትስቧታላችሁ። በሌሎቹ ቴፑን አውጥቶ ፓነሉን ከጀርባ መድረስ ግድ ነው። ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ያላቸው ከኋላ በብረት ኬብል የታሰሩ ናቸው። ብዙ አትሳቡ። ኬብሉ ከታጠፈ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ወይም ቀዝቃዛ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አምፑሉ በርቶ ጽሑፉ ደብዝዞ ከታያችሁ ደግሞ ብርሃኑን የሚያስተላልፈውን ግልጽ ፕላስቲክ እዩ። የእኔው በአቧራ ተሸፍኖ ቡና የተደፋበት ይመስል ነበር። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ካስፈለገ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ። ቤንዚን ወይም ቲነር በፍጹም። ጽሑፉንም ፕላስቲኩንም ይበላል።

አዲስ አምፑል አስገብቼም አንዱ ጎን አይበራም። ለምን?

የጌጁን ጀርባ ተመልከቱ። ሽቦ የለም፣ ስስ ፕላስቲክ ላይ የተነጠፉ የመዳብ መስመሮች ናቸው ኮረንቱን የሚያደርሱት። መያዣው ሲዞር ሁለት እግሮቹ እዚህ መዳብ ላይ ይቆማሉ። ዘመን ሲቆይ መዳቡ ይጠቁራል። በእርሳስ ማጥፊያ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ብታሹት ያበራል። የመያዣውንም እግሮች ትንሽ ወደ ውጭ ከፈት አድርጓቸው፣ እንዲጫኑ።

መስመሩ ተሰንጥቆ ከሆነ በቴስተር ይታያል፣ አንዱ ጫፍ ጋ ኮረንት አለ፣ ሌላው ጋ የለም። እዚህ ላይ ስታኞና ካውያ ይዞ መቅረብ አደገኛ ነው፣ ፕላስቲኩ ሳታዩት ይቀልጣል። ቀጭን ሽቦ በሁለቱ ጫፍ ማገናኘት ይቻላል፣ ግን እጁ ለለመደ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት። ከዚህ ሥራ ሁሉ ለሰው ስጡ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ኤልኢዲ ካደረግሁ በኋላ ዲመሩ አይቀንስም። ምን ላድርግ?

የድሮ ዲመር የሚሠራው አምፑሎቹ በሚስቡት ኮረንት ላይ ተመሥርቶ ነው። ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ስለሚስብ ዲመሩ የሚይዘው ነገር ያጣል። ቀላሉ መፍትሔ ከጌጁ አምፑሎች አንድ ሁለቱን ባለ ክር አድርጎ መተው ነው። ካልሆነም ከመጀመሪያው ደመቅ የማይሉ ኤልኢዲዎችን መምረጥ።

የባትሪ ምልክቷን ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩ፣ አሁን ዲናሞው አይሞላም። ይገናኛሉ እንዴ?

አዎ፣ በብዙ የድሮ መኪኖች ይገናኛሉ። በተለይ በአውሮፓዎቹ። ቁልፍ ስትከፍቱ ኮረንት በዚያች አምፑል በኩል አልፎ ዲናሞው ውስጥ ይገባና ማግኔቱን ያስነሳዋል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ራሱን ሲችል በሁለቱም ጎን ቮልቱ እኩል ይሆንና አምፑሏ ትጠፋለች። ስለዚህ አምፑሏ ምልክት ብቻ አይደለችም፣ የዲናሞው መቀስቀሻ መንገድ ናት። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኮረንት ለዚህ አይበቃም። ከተቃጠለችም ያው ነው።

አንድ ጓደኛዬ የድሮ አልፋ ሮሜዮ አለው። ባትሪ ቀየረ፣ ዲናሞ አስፈታ፣ ካርቦኑን አስቀየረ። መኪናዋ አሁንም ሞተሯ ጮክ ብሎ እስኪረገጥ ድረስ አትሞላም። ቅዳሜ ግቢዬ መጥቶ ጌጁን አወረድነው። የባትሪ ምልክቷ አምፑል ክሯ ተበጥሷል። የተጻፈባትን ዋት አይተን ተመሳሳይዋን አስገባን። ቁልፍ ሲከፍት ቀይዋ በራች፣ አስነሳ፣ ጠፋች። ባትሪው ላይ ቴስተር ስናደርግ 14 ቮልት አነበብን። ያን ሁሉ ያስወጣው አምፑል ከጥፍሬ አይበልጥም። አንዳንድ መኪኖች ላይ ለዲናሞው የተለየ መስመር ስላለ ይህ አይከሰትም። ቢሆንም ያቺን አምፑል ባለ ክር አድርጋችሁ ተዉአት።

የፍሬቻ ምልክቷ ለቀኝ ትሠራለች፣ ለግራ አትሠራም። ኤልኢዲ ካደረግሁ ወዲህ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ለሁለቱም ጎን የምታገለግል አንዲት ምልክት ብቻ ከሆነች ኤልኢዲ አይሆናትም። እንዲህ ያሉ የድሮ መኪኖች ላይ አምፑሏ የታሰረችው በቀኝና በግራ ፍሬቻ መስመር መካከል ነው። ቀኝ ስታሳዩ ኮረንቱ በአምፑሏ አልፎ በግራዎቹ አምፑሎች በኩል ወደ ቦዲ ይወርዳል። ግራ ስታሳዩ አቅጣጫው ይገለበጣል። ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠራ አንዱን ጎን ዝም ይላል። ባለ ክሩን መልሱ።

ቁልፍ ስከፍት የቼክ ኢንጂን ምልክት ጭራሽ አይበራም። ጥሩ ነው አይደል?

ጥሩ አይደለም። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ስትከፍቱ የዘይት፣ የባትሪ፣ የቼክ ኢንጂንና ካለም የኤርባግ ምልክት መብራት አለባቸው። ይህ መኪናው አምፑሎቹ ደህና መሆናቸውን የሚያሳይበት መንገድ ነው። የማይበራ ካለ ወይ ተቃጥሏል ወይ ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ጥፋት ለመደበቅ አውጥቶታል። ሁለተኛው የሚደረግ ነገር ነው። ጌጅ ሳወርድ መያዣው ባዶ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ምልክቷን ከሌላ ጋር አገናኝተው ከዘይቱ መብራት ጋር አብራ እንድትጠፋ ያደረጉም አሉ።

መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ አጥፉት። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን እስከ «ኦን» ብቻ አዙራችሁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ከዚያ አስነሱና የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ቆይቶ እንደሚጠፋ እዩ። ሁለት ምልክት ሁልጊዜ እኩል በርተው እኩል ከጠፉ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጌጁ ይውረድ በሉ።